በመንገድ ዳር አየር ውስጥ ያለው መርዝ እንዴት ይለካል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ከተሽከርካሪ ጭስ ጋር ስለሚወጡ ካንሰር አምጪ ኦርጋኒክ ኬሚካሎች በአንድ አንቀጽ ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ልኬቱ በመሆኑ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ሳሪስ አካባቢ ከዋናው መንገድ ዳር የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ጠዋት የወለወልሁት የሱቁ መስተዋት ከሰዓት በኋላ ጣቴን ሳሳርፍበት ጥቁር ያወጣል። በስልኬ የማየው የአየር ጥራት ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ «መካከለኛ» ነው ይለኛል። ለመሆኑ ይህ ቁጥር እናንተ የጻፋችሁላቸውን መርዞች ያካትታል? (ባለ ሱቅ፣ ከሳሪስ)

መልስ፦ አያካትትም። በስልክዎ የሚያዩት ቁጥር በአብዛኛው የሚሰላው ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር ከማይበልጥ ብናኞች ክብደት ነው። መሣሪያው ብናኙ ምን ያህል እንደሆነ እንጂ ከምን እንደመጣ አይጠይቅም፤ የአፈር ብናኝም፣ የማገዶ ጭስም፣ የናፍጣ ጥቀርሻም ለእርሱ አንድ ናቸው። የአሜሪካ ኤምባሲ በአዲስ አበባ ለዓመታት ሲያሰራጨው የቆየውና እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የተቋረጠው መረጃም የብናኝ ክብደት ነበር።

እኛ የጻፍንላቸው ኬሚካሎች ሌሎች ናቸው። ሙሉ ስማቸው ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን ነው፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ ፒኤኤች እንላቸዋለን። ናፍጣም ሆነ እንጨት በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲቃጠል የካርቦን ቀለበቶች ጎን ለጎን እየተያያዙ የሚሠሯቸው ውሁዶች ናቸው። ሁለት ቀለበት ያለውን ያውቁታል፤ ልብስ በብል እንዳይበላ ሻንጣ ውስጥ የሚጨመረው ናፍታሊን ነው። አምስት ቀለበት ያለው ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ግን በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ መዝገብ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ የሚገኝ ነው። የነገሩ ታሪክም ረጅም ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የለንደን ጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን የቆዳ ካንሰር ከጥቀርሻ ጋር ያያዘው እ.ኤ.አ. በ1775 ነበር፤ ተመራማሪዎች ከድንጋይ ከሰል ዝፍት ውስጥ ቤንዞ-ኤ-ፓይሪንን ነጥለው ያወጡት ግን በ1933 ነው (ከዚህ በኋላም የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

መጠኑን እንመልከት። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ባወጣው መመሪያ ለቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ያስቀመጠው የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ናኖግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ 30 ማይክሮግራም ብናኝ ባለበት አየር ውስጥ ይህ ከብናኙ ክብደት አንድ ሠላሳ ሺህኛው ብቻ ነው። በሱቅዎ ፊት ያለው ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን በአንድ ሌሊት አሥር እጥፍ ቢሆን እንኳ የስልክዎ ቁጥር ቅንጣት አይነቃነቅም።

መስተዋትዎም መለኪያ አይሆንዎትም። በመስተዋቱ ላይ ከሚያርፈው አብዛኛው የመንገድ አፈር፣ የጎማና የፍሬን ብናኝ ነው፤ ከክብደቱ የተነሣ የሚወርድ፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍልም እምብዛም የማይዘልቅ ነው። የሚያሰጋው ረቂቁ ጥቀርሻ ሲሆን፣ እርሱ መስተዋቱ ላይ ከማረፍ ይልቅ በበሩ ገብቶ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ በደረቁ አይጥረጉ፤ በጠዋቱ የመኪና ግፊያ ሰዓትም የሚቻልዎት ከሆነ በመንገዱ በኩል ያለውን በር ዘግተው በጓሮ በኩል ያለውን ይክፈቱ።

ጥያቄ፦ በኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች ዳር ፒኤኤችና ቤንዝን (በነዳጅ ውስጥ የሚገኘውን፣ በቀላሉ የሚተነውን ኬሚካል) ለመለካት አስቤያለሁ። በጀቴ አነስተኛ ነው። አማካሪዬ «ዋናው ማሽኑ ነው፤ ማሽን ካገኘህ ሌላው ቀላል ነው» ይሉኛል። ከየት ልጀምር? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አማካሪዎን ማስቀየም አልፈልግም፤ ነገር ግን ዋናው ማሽኑ አይደለም ባይ ነኝ። ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር የተገጠመ ጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ ማለትም ውሁዶችን እየነጣጠለ በክብደታቸው የሚለይ ማሽን፣ ዛሬ በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና የምርመራ ተቋማት ይገኛል፤ በአግባቡ የተያዘ ከሆነም የገባለትን ናሙና በትክክል ይነግርዎታል። ችግሩ የገባለት ናሙና በእርግጥ የመንገዱ አየር መሆን አለመሆኑ ነው። በዚህ ሥራ ትልልቁ ስሕተት የሚፈጸመው ናሙናው ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት፣ እዚያው መንገድ ዳር ነው።

ከቦታ ምርጫ ይጀምሩ። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ የመንገድ ዳር መለኪያ አየር የሚስብበት አፍ ከመሬት ከ1.5 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ከ10 ሜትር ሳይርቅ፣ ከትልቅ መጋጠሚያ ግን ቢያንስ 25 ሜትር ተነጥሎ እንዲቀመጥ ያዛል። የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ከተማ በተለይ ይጠቅማል፤ አደባባይ ላይ መኪናው ሁሉ ሞተሩን እንዳስነሣ ተሰልፎ ስለሚጠብቅ እዚያ የሚለካው ቁጥር የአደባባዩ እንጂ የመንገዱ አይሆንም። መመሪያው የማያውቃቸው የእኛው ጣጣዎችም አሉ። በከሰል ምድጃ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ከመሣሪያዎ አምስት ሜትር ርቃ ብትቀመጥ ፊልተርዎ የሚነግርዎት ስለ ከሰሉ እንጂ ስለ መኪናው አይደለም። የመንገድ ጥገና ሠራተኞች ከበርሜል ሥር እንጨት አንድደው ሬንጅ ሲያቀልጡም እንዲሁ ነው፤ ያ ጭስ ከእንጨቱም ከሬንጁም የወጣ ፒኤኤች የተሞላ በመሆኑ የአንድ ሰዓት ሥራቸው የሃያ አራት ሰዓት ናሙናዎን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ በቦታው የሚውል ሰው ይኑርዎት፤ ማስታወሻ ደብተርም ይያዝ። በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል፣ ምን እንደነደደ የተጻፈው መስመር ከወር በኋላ ያልተለመደ ቁጥር ሲያጋጥምዎ ብቸኛ ምስክርዎ ይሆናል።

ቀጥሎ አየሩን መያዝ ነው። ፒኤኤች በአየር ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። እንደ ናፍታሊንና ፌናንትሪን ያሉት ቀላሎቹ በአብዛኛው ተን ሆነው ይንሳፈፋሉ፤ ቤንዞ-ኤ-ፓይሪንን የመሰሉት ከባዶቹ ደግሞ በጥቀርሻ ላይ ተጣብቀው ይጓዛሉ። በዚህም ምክንያት አየሩ መጀመሪያ በኳርትዝ ፊልተር፣ ከዚያም ከፊልተሩ በስተጀርባ በተቀመጠ የፖሊዩረቴን ስፖንጅ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ፊልተሩ ጥቀርሻውን፣ ስፖንጁ ተኑን ይይዛል። ናፍታሊን ስፖንጁንም አልፎ ስለሚያመልጥ እርሱን በቁም ነገር የሚለካ ሰው ኤክስኤዲ የተባለውን የሙጫ ቅንጣት ይጨምርበታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቲኦ-13ኤ ብሎ በሚጠራው ዘዴ በ24 ሰዓት 300 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይሳባል። ይህን ያህል አየር የሚፈለግበት ምክንያት ቀላል ሒሳብ ነው፦ በአንድ ሜትር ኩብ 1 ናኖግራም ቢኖር በፊልተሩ ላይ 300 ናኖግራም ይጠራቀማል፤ ይህም በማሟሟቻ ወጥቶ ወደ 1 ሚሊ ሊትር ሲጠቃለል ማሽኑ ሳይቸገር ያነበዋል። በሰዓት 2.3 ሜትር ኩብ የሚስበው አነስተኛ መሣሪያ በቀን 55 ሜትር ኩብ ብቻ ስለሚሰጥዎ በንጹሕ ቀን ከማሽኑ የማየት አቅም በታች ሊወርዱ ይችላሉ፤ ሆኖም ለዋና መንገድ የሚበቃ ይመስለኛል፤ ዋጋውም ይቀላል።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በበጋ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ሙቅ ነው። ሦስትና አራት ቀለበት ያላቸው ውሁዶች በሌሊቱ ቅዝቃዜ ፊልተሩ ላይ ይጣበቁና እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሳጥኑን ስታግለው እንደገና ተነው ወደ ስፖንጁ ይሄዳሉ። የፊልተሩን ብቻ ለክቶ «ይህ በጥቀርሻ ላይ ያለው ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በፈተና ቀን መልስ ያጥረዋል። ለቀላሎቹ የፊልተሩንና የስፖንጁን ድምር ብቻ ሪፖርት ያድርጉ። ከዚህም በላይ ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ብርሃን አይወድም፤ ኦዞንም ፊልተሩ ላይ እንዳለ ያፈርሰዋል። ፊልተሩ ከመሣሪያው እንደወጣ በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ በረዶ ባለው ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት፤ ላቦራቶሪ ሲደርስም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ። ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ ተይዞ ለሁለት ሰዓት በመንገድ መዘጋት የቆየ ፊልተር የሚሰጠው ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል፤ ሰው ደግሞ ያነሰ ቁጥር ሲያገኝ «አየሩ ደህና ነው» ብሎ ይደሰታል እንጂ አይጠራጠርም።

ከፍታውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ያህል፣ ማለትም በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። ከውጭ የመጣ ፓምፕ ፋብሪካ ውስጥ በተስተካከለበት መለኪያ ከተነበበ የሳበውን አየር አሳስቶ ይነግርዎታልና ፍሰቱን እዚሁ፣ በሚለኩበት ቦታ ያስተካክሉ። በቤንዝን ላይ ጉዳዩ ይብሳል። (ኬሚካሉ ከማደያ ከሚቀዳው ቤንዚን ጋር እንዳይምታታ ቤንዝን እያልሁ እጽፋለሁ።) የአውሮፓው ገደብ፣ በዓመት አማካይ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም፣ የተጻፈው በ20 ዲግሪ ሙቀትና በ101.3 ኪሎፓስካል ግፊት ለሚገኝ አየር ነው። እርስዎ መንገድ ዳር በ16 ዲግሪ ሙቀት 4 ማይክሮግራም ቢያገኙና ሳይቀይሩ ቢያወዳድሩት ከገደቡ በታች ይመስልዎታል፤ ወደ መደበኛው ሁኔታ ሲቀይሩት ግን 5.3 ያህል ስለሚሆን ከገደቡ ያልፋል። በብናኝ ላይ ላሉት እንደ ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ላሉት ደግሞ መመሪያው በቦታው ሁኔታ እንዲነገር ስለሚያዝ ይህ ለውጥ አይደረግም። ሁለቱን እንዳያምታቱ።

የላቦራቶሪውን ክፍል ባጭሩ ላልፈው። ፊልተሩ ከሥራ በፊት በምድጃ መጋገር፣ ስፖንጁ በማሟሟቻ መታጠብ አለበት። ከየጥቂት ናሙናው ጋር አንድ ፊልተር መንገድ ዳር ተወስዶ፣ መሣሪያው ውስጥ ገብቶ፣ ፓምፑ ሳይነሣ ይመለስ፤ በእርሱ ላይ የሚገኘው ሁሉ ከመንገዱ ሳይሆን ከእጅዎ፣ ከሳጥኑና ከላቦራቶሪው የመጣ ነው። ከማሟሟቱ በፊት በተራው ሃይድሮጅን ፈንታ ከባዱን ሃይድሮጅን (ዲዩቴሪየም) የያዙ ፒኤኤች በታወቀ መጠን ይጨምሩ፤ ከጨመሩት ውስጥ መጨረሻ ላይ ስንት እጅ እንደተገኘ ሲያዩ በላቦራቶሪው ሥራ ሂደት የጠፋብዎትን ያውቃሉ። ሌላው ወጥመድ ደግሞ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ራሱ ነው። ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ሞለኪዩላዊ ክብደቱ 252 ነው፤ ቤንዞ-ኢ-ፓይሪንም፣ ቤንዞ-ቢ እና ቤንዞ-ኬ-ፍሎራንቲንም እንዲሁ 252 ናቸው። በክብደት ሊለያቸው አይችልም፤ የሚለያቸው የክሮማቶግራፉ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ያረጀ ከሆነ ሁሉንም ደምሮ በቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ስም ያቀርብልዎታል።

በጀትዎ አነስተኛ ከሆነና መብራት እየሄደ ፓምፑን የሚያቆምብዎት ከሆነ፣ ያለ ፓምፕ የሚሠራውን መያዣ እመክርዎታለሁ። ጄኔሬተር ማስነሣት እንኳ አይታሰብ፤ የጄኔሬተሩ ጭስ ራሱ ናሙናው ውስጥ ይገባል። ያለ ፓምፕ የሚሠራው አንድ ክብ የስፖንጅ ቁራጭ በሁለት የብረት ጎድጓዳ ሳህኖች መካከል ተሰቅሎ አየሩ በራሱ ጊዜ እንዲዳስሰው የሚደረግበት ነው። በቀን 3 ወይም 4 ሜትር ኩብ ያህል አየር የሚይዝ ስለሆነ በ28 ቀን 100 ሜትር ኩብ ገደማ ይሰበስባል። በካናዳ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚመራው ዓለም አቀፍ ክትትል ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ በየአህጉሩ ሲሰቅል የኖረው ይህንኑ ነው። ጉድለቱ ተኑን በደንብ፣ ጥቀርሻውን ግን በደፈናው የሚይዝ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ለቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ቦታዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር እንጂ ከ1 ናኖግራም ገደብ ጋር ለማስተያየት አይጠቀሙበት። ለቤንዝንም ሁለት ሳምንት የሚሰቀሉ ትንንሽ ቱቦዎች አሉ፤ ዋጋቸው የተማሪን ኪስ አያራቁትም።

በመጨረሻ፣ በሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ይለኩ። አንዱ መንገድ ዳር፣ ሌላው ከመንገድ ራቅ ባለ ግቢ ውስጥ ይሁን። ከተማው ሁሉ ማገዶና ከሰል ያነዳል፤ መንገዱ የጨመረውን የሚያውቁት የግቢውን ቁጥር ከመንገዱ ሲቀንሱ ብቻ ነው። በበጋ ብቻ ለክቶ የዓመት አማካይ ነው ማለትም አይቻልም፤ የክረምቱ ዝናብ ብናኙን ያጥባል፤ የበጋው ጠዋት ደግሞ ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ተኝቶ ጭሱን ያፍነዋል። በየስድስት ቀኑ አንድ ቀን ቢለኩ ቀኑ እየተዟዟረ ሰኞም እሑድም ይደርሳል፤ በዓመት 61 ናሙና ገደማ ያገኛሉ፤ የአውሮፓው መመሪያ ለጠቋሚ ልኬት፣ ማለትም ያለማቋረጥ ለማይደረግ ልኬት፣ የሚጠይቀውን የዓመቱን 14 በመቶም ያልፋሉ። ተራው ኅዳር 12 ላይ ቢውልና ሰፈሩ ሁሉ ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻውን እያቃጠለ ቢያገኙት ናሙናውን አይጣሉት፤ ለብቻው መዝግቡት። እኔ ብሆን ያን ቀን ሆን ብዬ እለካው ነበር።

ጥያቄ፦ በለንደን የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በሜሪለቦን ሮድ ስመላለስ ከእግረኛ መንገዱ ላይ የቆመችውን የአየር መለኪያ ጣቢያ አያታለሁ። ከሁሉ የከፋው የካንሰር አየር እዚያ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው? (አንባቢ፣ ከለንደን)

መልስ፦ ስለ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ቢጠይቁኝ ኖሮ ወደ አዎንታው ባዘነበልሁ ነበር። ስለ ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ግን መልሱ ያስገርምዎታል።

ያቺ ጣቢያ ከ1997 ጀምሮ ትሠራለች፤ ባለ ስድስት መስመር በሆነውና በቀን 80,000 ገደማ ተሽከርካሪ በሚያልፍበት መንገድ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ የቆመች ናት። ቤንዝን በየሰዓቱ በራሱ በሚሠራ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይለካባታል፤ ፒኤኤች ግን በፊልተር ተሰብስቦ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የቤንዝኑ መጠን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ወርዷል። ከ1993 ጀምሮ አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ጭሱን የሚያጣራ ካታሊስት እንዲገጠምላቸው ተደረገ፤ በጃንዋሪ 2000 ደግሞ በነዳጁ ውስጥ እስከ 5 በመቶ ይፈቀድ የነበረው ቤንዝን ወደ 1 በመቶ ዝቅ አለ። የነዳጅ ደንብ ሲለወጥ በመንገድ ዳር አየር ላይ እንዲህ በግልጽ የታየበት ምሳሌ ብዙ አይደለም።

በቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ግን በብሪታንያ ከፍተኛ ቁጥር ሲመዘገብ የኖረው በለንደን መንገዶች ላይ ሳይሆን ቤታቸውን በድንጋይ ከሰል በሚያሞቁ የሰሜን አየርላንድ መኖሪያ ሰፈሮችና በስከንቶርፕና በፖርት ታልቦት የብረት ፋብሪካዎች አጠገብ ነው። የመኪና ሞተር ነዳጁን ከእሳት ምድጃ በተሻለ ያቃጥላል፤ ምድጃው ኦክስጅን አጥቶ ሲታፈን ግን ፒኤኤች ማምረቻ ይሆናል። ይህ ናፍጣን ነጻ አያወጣውም፤ የናፍጣ ጭስ ከሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሱን ችሎ በመጀመሪያው የካንሰር አምጪዎች ምድብ ውስጥ ነው፤ እርስዎም ቀኑን ሙሉ መሪው ላይ የሚውሉ ሰው ነዎት። ነገር ግን በአንድ ከተማ አየር ውስጥ ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ተገኘ ሲባል ወዲያው ወደ መኪናው ጣት መቀሰር ስሕተት መሆኑን ያሳያል። የማን እንደሆነ ለመለየት በዚያው ፊልተር ላይ ሌሎች ምልክቶች ይፈለጋሉ። እንጨት ሲነድ ከሴሉሎስ የሚወጣው ሌቮግሉኮሳን የማገዶ ምልክት ነው፤ 1-ናይትሮፓይሪን ደግሞ የናፍጣ ሞተር ምልክት ነው። ብዙ ቤት በማገዶና በከሰል በሚያበስልበት በአዲስ አበባ እነዚህ ሁለቱ ሳይለኩ ስለ ምንጩ የሚጻፍ ድምዳሜ ግምት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከቤታችን ጎን ያለው ጎሚስታ ያረጀ ጎማና ፕላስቲክ በየማታው መንገዱ ዳር ያቃጥላል። ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል ይባላል። የሚለካልን አካል ብናገኝ ክስ ለማቅረብ ይጠቅመናል? (የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች)

መልስ፦ ክሱን ለማቅረብ ልኬት አትጠብቁ። የዳዮክሲን ልኬት ከላይ ካነሣነው ሁሉ የከበደ ነው። በከተማ አየር ውስጥ የሚገኘው መጠን በሜትር ኩብ 0.1 ፒኮግራም ገደማ ነው፤ ይህም ከቤንዞ-ኤ-ፓይሪኑ ገደብ አሥር ሺህ ጊዜ ያነሰ በመሆኑ በጣም ውድ የሆነ ከፍተኛ ጥራት ያለው ማስ ስፔክትሮሜትርና 17 ዓይነት ውሁዶችን ለይቶ የሚመዝን ባለሙያ ይፈልጋል። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳዮክሲን እንደሚፈጠር፣ ጎማ ሲቃጠል ደግሞ ፒኤኤችና ቤንዝን በብዛት እንደሚወጣ የታወቀ ነውና ማስረጃው ራሱ እሳቱ ነው። ቀንና ሰዓት ያለበት ፎቶግራፍ ይዛችሁ ወደ ወረዳችሁ ሂዱ። ዳዮክሲን ዱሮ ከመኪናም ይወጣ ነበር፤ ሊድ በሚጨመርበት ቤንዚን ውስጥ ክሎሪንና ብሮሚን ያለባቸው ማጽጃዎች ስለነበሩ ነው። ያ ነዳጅ ከዓለም መኪኖች ሁሉ የወጣው በ2021 አልጄሪያ የመጨረሻዋ አገር ሆና ስታቆም ነው።

ጥያቄ፦ የትራፊክ አስተናባሪ ነኝ። ማስክ ከእነዚህ መርዞች ያድነኛል? (አስተናባሪ፣ ከመገናኛ)

መልስ፦ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ማስክ ጥቀርሻውን፣ በእርሱም ላይ የተጣበቀውን ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን በአብዛኛው ያስቀርልዎታል። ሰማያዊው የሐኪም ማስክ በጎኑ ስለሚያስገባ እምብዛም አይጠቅምም። ቤንዝን ተን ስለሆነ ሁለቱንም አልፎ ይገባል። ጭስ ከሚተፋ መኪና ኋላ አለመቆምና ከተቻለ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል መቆም ከማስኩ ያልተናነሰ ይረዳል።

ጥያቄ፦ መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። መኪናው ሁሉ ኤሌክትሪክ ከሆነ ይህን ሁሉ መለካት ለምን ያስፈልጋል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቀድሞ የገባው መኪና ገና ለብዙ ዓመታት ይነዳል፤ አይሱዙውና ሲኖትራኩም ናፍጣ መጠጣቱን አይተውም። ጎማም አለ። በጎማ ውስጥ የሚጨመረው ዘይት ራሱ ፒኤኤች ስላለበት የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ገደብ አብጅቶለታል፤ ከባድ ባትሪ የተሸከመው የኤሌክትሪክ መኪናም ጎማውን በመንገዱ ላይ እየፋቀ መሄዱ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መነሻ ቁጥር ያስፈልገናል። ከአሥር ዓመት በኋላ «አየሩ ተሻሻለ» የሚል ባለሥልጣን ሲነሣ ከምን ተሻሻለ ብለን የምንጠይቀው ዛሬ የተለካ ነገር ካለ ብቻ ነው። ለዚህም አንድ ርካሽ ዘዴ አለ። ዛሬ የሚሰበሰበው ፊልተር ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ወደ ምርመራ ይግባ፤ ግማሹ በፎይል ተጠቅልሎ፣ ቀንና ቦታ ተጽፎበት በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። ዛሬ ለመለካት አቅም ያጣንላቸው፣ ወይም ገና ስማቸውን ያልሰማናቸው ኬሚካሎች ወደፊት ከዚያ ውስጥ ሊፈለጉ ይችላሉ፤ ማቀዝቀዣው በመጠባበቂያ ኃይል መስመር ላይ እስካለ ድረስ።